ለስላሳው ጎን ወደ ላይ

ቂም መጥፎ ነው የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ በሰው ፊት ተዋርደው የማያውቁ ናቸው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ቂም ይዤ ኖሬአለሁ። አላከሳኝም፣ እንቅልፍም አልነሳኝም፤ እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ እሱ ነበር። የማጫውታችሁ ያን ቂሜን ስለተወጣሁበት አንድ ቅዳሜ ነው። ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም። እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ።

ስሜ ጌትነት ይባላል፤ ሥራዬ ፌራዮ ነው። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ውስጡ የሚገባውን ብረት የምንቆርጥ፣ የምናጥፍና በሽቦ የምናስር ሰዎች ፌራዮ እንባላለን። ብረቱ ፌሮ ነው። በኮለን፣ ማለትም በአርማታ ምሰሶ፣ ውስጥ የቆሙትን ፌሮዎች በየመሀሉ ዙሪያቸውን የሚያቅፋቸው ቀጭን ብረት ደግሞ ስታፋ ይባላል። ስታፋ ከሌለ ፌሮው ጭነት ሲበዛበት ወደ ውጭ ይለምጣል፣ ኮለኑም ይሰነጠቃል። ከሙያው ይህችን ብታውቁ ይበቃችኋል።

ከሦስት ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እንሠራ ነበር። አለቃችን ኢንጂነር ያረጋል ነው፤ በዕድሜ በአሥር ዓመት እበልጠዋለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት የምድር ቤቱ አንድ ኮለን ተሰንጥቆ ተገኘ። ያረጋል ሠራተኛውን ሁሉ ጠርቶ፣ ጠጠር የሚያመላልሱት ሴቶች ሳይቀሩ ቆመው እያዩ፣ ፒንሳዬን ከእጄ ነጠቀና ጭቃ ውስጥ ወረወረው።

"ስታፋ ዘለህ ነው ያሰርከው! አንተ አጥር እሰር እንጂ ቤት አትሰር!" አለኝ።

አንድም አልዘለልኩም ብዬ በማርቆስ ማልኩ፤ የሰማኝ የለም። ኮለኑን ሳያፈርሱ ዙሪያውን ሌላ አርማታ አልብሰው አጠናከሩት። ስለዚህ ውስጡን ከፍቶ ያየ ሰው አልነበረም። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ በየሥራው ቦታ ደረሰ። "ያ ስታፋ የሚዘለው ፌራዮ" ተባልኩ። ልጆቼን ምን አብልቼ ላሳድር? ሉማሜ ወርጄ የመስኮት ብረት ከሚበይድ ሰው ዘንድ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ፒንሳዬን ከጭቃው አውጥቼ አጥቤ ይዤው ሄድኩ። ለመስኮት ሥራ አያገለግልም፤ ያስቀመጥኩት እንዳልረሳ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ታላቅ እህቴ የሺወርቅ፣ እኛ እታለም ነው የምንላት፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ማርቆስ ዳር አንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ቦታው ዋልካ ነው። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደግሞ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቤቷን ሲያነሳና ሲጥል ኖሮ ግድግዳው ከመሰንጠቁ የተነሳ ጎረቤቷ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምትለው ከአልጋዋ ሳትነሳ ነው። ለእሷ በአርማታ መሠረት ላይ የቆመ የብሎኬት ቤት ማለት የዕድሜዋ ሙሉ ምኞት ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ደወለችልኝ።

"ጌቴ፣ መሠረቱ ተቆፈረ! ደግሞ እኮ ፌሮ አያስፈልግም አሉ። ፋይበር የሚሉት አዲስ ነገር አለ፤ ከስሚንቶው ጋር ይበተናል፣ በቃ።"

"ማነው እንደሱ ያለሽ?"

"የሚሠራልኝ ሰውዬ ነዋ። ኢንጂነር ያረጋል ይሉታል።"

ማን እንዳዋረደኝ ለእታለም ነግሬያት አላውቅም፤ ስሙን መጥራት ራሱ ያሳፍረኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ እህቴ ቤት አልነበረም። ስለ ያረጋል ነበር። "አሁን አገኘሁህ" እያልኩ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሸሸት ብላ ተቀመጠች።

ስደርስ ያረጋል ከተቆፈረው መሠረት ዳር ቆሟል። አጠገቡ የወረቀት ከረጢቶች ተደርድረዋል። አንዱን ቀዶ ለእታለም ያሳያታል፤ ነጭ የፕላስቲክ ጭረት ነው፣ ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው፣ ከጆንያ የተመዘዘ ክር ይመስላል። የእታለም የንስሐ አባት አባ ልሣኑም መሠረቱን ሊያዩ መጥተው ነበር።

ያረጋል እኔን ሲያይ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፤ ቶሎ መለሰው።

"ጌትነት! አጥሩ ገና አልደረሰም እኮ" አለኝ።

እታለም ያኔ ነው የገባት። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

"ቢም ያለ ፌሮ ልትሞላ ነው?" አልኩት፤ ቢም ግድግዳውን የሚሸከመው የአርማታ አግዳሚ ነው። "ያውም ዋልካ ላይ?"

"ፌሮ እንደ ልብ አይገኝም። ቢገኝም ይዝጋል። ፋይበር አይዝግም፣ አርማታው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። በዓለም ላይ የሚሠራበት ነገር ነው፤ አንተ ስላልሰማህ ነው።"

እታለም ደግሞ በእኔው ፈረደች። "እንዴ፣ አባታችንስ ጭቃውን በጭድ አይደል ያቆመው? ይኸም ጭድ ማለት ነው።"

"እታለም፣ ጭድ የሚይዘው ጭቃውን ነው። ቤቱን የሚይዘው ማገሩ ነው። ይህ ሰውዬ ያለ ማገር ሊያኖርሽ ነው።"

"ቅናት ነው" አለ ያረጋል፣ ለእሷ። "እርስዎ አይስሙት። ይህ ሰው እኔ ዘንድ ሠርቶ በምን እንደወጣ ይጠይቁት።"

ከዚያ በኋላ በቄስ ፊት የተባባልነው የሚጻፍ አይደለም። አባ ልሣኑ መቋሚያቸውን መሀላችን አስገቡ።

"ቆይ፣ የተጣሉት ብረቱና ጭረቱ ናቸው ወይስ እናንተ?" አሉ። "ይህች ሴት ሁለተኛ ቤት አትሠራም። ከምትናከሱ ለምን አትፈትኑትም?"

እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ውላችን እንዲህ ሆነ፦ ሁለት ሜትር የሚረዝሙ፣ አሥራ ሁለት ሳንቲም የሚወፍሩ ሁለት ትንንሽ ቢሞች ከአንድ የአርማታ ቡኬት ይሞላሉ። የእሱ ውስጥ ፋይበር፣ የእኔ ውስጥ ሁለት ፌሮ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ መሠረቱ በሚሞላበት ቀን፣ በሁለት ድንጋይ ላይ ተጋድመው ሰው ይቆምባቸዋል። ያሸነፈው የእታለምን መሠረት በራሱ መንገድ ያሠራል።

"ይህ ለእሷ ነው" አልኩ። "ለእኔ ደግሞ፣ ከተሸነፍክ ያን ፒንሳ ከጭቃ አንስተህ፣ ሕዝብ እያየ፣ በሁለት እጅህ ትሰጠኛለህ።"

"አንተስ ከተሸነፍክ?"

"ሁለተኛ ፌሮ አልነካም።"

አባ ልሣኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አሉኝ። ሰማኋቸው፤ አልሰማሁም።

ያኑ ዕለት ሞላን። አርማታ ሲጫኑት ከላይ ይጨመቃል፣ ከታች ይለጠጣል። መጨመቅ ይችላል፣ መለጠጥ ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ሁለቱን ፌሮዎች ከታች አስተኝቼ ሞላሁባቸውና ሳይደርቅ የላይኛውን ፊት በሚስማር የመስቀል ምልክት ጫርኩበት። በእኛ ሥራ ይህ ፊት ወደ ላይ ይሁን ማለት ነው። ለማንም ግን አልነገርኩም። ማን ይገለብጠዋል ብዬ?

እታለም ለሦስት ሳምንት ጠዋትና ማታ ጆንያ እያራሰች ሁለቱንም አጠጣቻቸው፤ ለአንዱም አላዳላችም። እኔ ሉማሜ ሆኜ ቀን ቆጠርኩ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ተነፈሰና አርፍጄ ደረስኩ። ግቢው ሞልቷል። መሠረት ሲሞላ በግ ይታረዳል፤ ሙክቱ ከባሕር ዛፍ ችካል ጋር ታስሯል፤ አራጁ ምኒችል፣ እጁ የእኔን ጭን የሚያህል ሰው፣ ቢላውን ይስላል። አባ ልሣኑ ጠበላቸውን ይዘዋል። ቀን ሠራተኞቹና ጎረቤቱ ሁሉ ከበዋል። ሁለቱ ቢሞች በድንጋዮቹ ላይ ተጋድመዋል።

እንደ ሙያተኛ ቢሆን ጎንበስ ብዬ ቢሜን ማየት ነበረብኝ። እኔ ግን የማየው የያረጋልን ፊት ነበር። የሆነ የሚያስደስተው ነገር ያለ ይመስላል፤ ያ ይበልጥ አናደደኝ።

"ጀምር" አልኩት።

ያረጋል በፋይበሩ ላይ ወጣ። ምንም የለም። ቀጭን ረዳቱን ጨመረ። ምንም የለም። ወረዱና ሰው አጨበጨበ።

እኔ ወጣሁ። ምንም የለም። "ያንተ ረዳት የስንዴ ነዶ አይከብድም" አልኩና ወደ አራጁ ዞርኩ። "ምኒችል! ቢላህን አስቀምጥና ና።"

ምኒችል እየሳቀ መጣ። አንድ እግሩን አሳረፈ። ሁለተኛውን ሲያነሳ ከእግሬ ሥር እንደ ጅራፍ የጮኸ ነገር ሰማሁ፤ መሬቱ ወደ እኔ መጣ። ቢሙ ከመሀሉ ጎብጦ ወደቀ፣ እኔ በግራ እጄ ላይ፣ ምኒችል በእኔ ላይ።

ሳቁን ዛሬም እሰማዋለሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። አንዱ "ይኸም ስታፋ ተዘሎበት ይሆናል!" አለ፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። እጄ ከአንጓው ላይ እያበጠ ነው፤ ሕመሙ ግን አልተሰማኝም። ሞቴን ተመኘሁ። ከእኔ ይልቅ ያሳዘነችኝ እታለም ነበረች፤ ብቻዋን ሳትስቅ ቆማለች።

"በሉ ቡኬቱን ጀምሩ" አለ ያረጋል ለሠራተኞቹ። "ፋይበሩን አምጡ።"

ለመነሳት ስንፈራገጥ ዓይኔ ከጎበጠው ቢም ሥር ገባ። መስቀሉ ታየኝ። በሚስማር የጫርኩት መስቀል ከታች ነው ያለው! አፉን የከፈተውን ስንጥቅ ወደ ላይ ተከትዬ ሳይ ሁለቱ ፌሮዎች ከላይ፣ ከጀርባው ሥር ተኝተዋል። በሚጨመቀው በኩል ማለት ነው።

"ገልብጣችሁታል!" ብዬ ጮኽኩ። "ማነው የገለበጠው?"

ሰው እንደገና ሳቀ። የተሸነፈ ሰው ምክንያት አያጣም። እታለም ግን ቀረብ አለች።

"እኔ ነኝ" አለች። "አንደኛው ጎኑ ሻካራ ነበር። አባም ምናልባት ይቆሙበታል ብዬ፣ እንደ መደብ ለስላሳው ጎን ወደ ላይ ይሁን አልኳቸው ለሠራተኞቹ፤ ሁለቱንም። ምን አጠፋሁ?"

ምንም አላጠፋችም። ሻካራ ነገር ላይ እንግዳ ማን ያስቀምጣል? ለፋይበሩ መገልበጥ ለውጥ የለውም፤ ጭረቱ በየቦታው ተበትኗልና። ለፌሮ ግን ሞት ነው። ያረጋልን አየሁት። ዓይኑን ወደ በጉ መለሰ። ያኔ አወቅሁ፤ ይህ ሰው ከጠዋት ጀምሮ አይቶታል።

"ቢሜን አዙሩልኝ" አልኩ።

"የተሰበረውን?" አለ ምኒችል።

"የተሰበረውን። መስቀሉ ወደ ላይ ይሁን።"

"ጌትነት፣ ይበቃሃል" አለ ያረጋል። "ሕዝቡን አታድክም።"

"አዙሩለት" አሉ አባ ልሣኑ።

ፌሮው አልተበጠሰም ነበርና ቢሙ በአንድ ላይ ተነሣ። አዙረው በድንጋዮቹ ላይ ሲያጋድሙት በራሱ ክብደት ተጫነ፤ ስንጥቁ አሁን ከላይ ሆነና ጥርሱን እንደሚነክስ ሰው ግጥም አለ። ፌሮዎቹ ከታች ገቡ። መውጣት ያለብኝ እኔ ነበርኩ፤ እውነት ለመናገር ፈራሁ። እታለም ጫማዋን አውልቃ ቀደመችኝ።

"ቤቱ የእኔ ነው" አለችና በተሰበረው ቢም ላይ ቆመች።

ያዛት። እኔም እጄን አቅፌ አጠገቧ ወጣሁ። ያዘን። "ምኒችል!" ስለው አማተበና ወጣ። ያዘን። ከዚያ ሁለት ቀን ሠራተኞች፣ ከዚያ አንድ ጎረቤት። ስድስት ሰው ተቃቅፈን ቆምን፤ ቢሙ ትንሽ ለመጥ አለ እንጂ ምንም አልሆነ። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

"ያንተን ደግሞ እንይ" አልኩት ያረጋልን። "ሦስት ሰው ይበቃል። አንደኛው አንተ ነህ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ሕዝብ ከቦታል፣ እምቢ ማለት አይችልም። ከረዳቱ ጋር ወጣ። ምኒችልን ላክሁበት። ምኒችል ሙሉ ክብደቱን ሳያሳርፍ ጧ! አለ። በጀርባው ሲወድቅ ለማየት ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ሰው ግን አልወደቀም። ቢሙ ከመሀሉ ተከፈተ፤ በስንጥቁ ውስጥ ነጫጭ ጭረቶች ተወጥረው ታዩ፤ ክፍተቱን ይዘው ቀስ አድርገው አወረዱት። ዕቃው እንዳይሰበርበት የሚጠነቀቅ ሰው መሬት እንደሚያስቀምጠው አስቀመጡት። ተናደድኩ። የጠላሁት ፋይበር እንኳ እኔ የነፈግኩትን ምሕረት ሰጠው።

ፒንሳውን ከኪሴ አወጣሁ። ጆንያው ይራስበት የነበረው ቦታ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። በእግሩ ሥር ወረወርኩት።

"አንሳ።"

"ጌቴ ተው፣ ይበቃል" አለች እታለም።

"አንሳ!"

ጎንበስ አለ። ከጭቃው አነሣው። በጃኬቱ እጅጌ ጠረገው፣ በደንብ፣ ሁለቱንም ጥርሱን። በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ደስ አለኝ፤ ሆዴ ድረስ ደስ አለኝ። ቂም ሲወጣ ጥርስ ሲነቀል ያለውን ደስታ ይሰጣል፤ አይሰጥም የሚላችሁን አትመኑ።

ስይዘው ግን አለቀቀውም። ራሱን አስጠግቶ እኔ ብቻ እንድሰማው በዝግታ ተናገረ።

"መገልበጡን አይቼ ዝም አልኩ። ይህ የእኔ ነው፤ አምኛለሁ። አሁን የአንተን ንገረኝ። ያኔ ስንት ስታፋ ዘለልክ?"

ዓይን ለዓይን ተያየን። ፒንሳውን ከእጁ ሳብኩና ወደ ሰዉ አሳየሁት። ሰዉ አጨበጨበ።

የእታለም ቢሞች በሳምንቱ በፌሮ ተሞሉ፤ እጄ በጄሶ ታስሮ ነበርና ቁጭ ብዬ ሌሎችን እያዘዝኩ አሳሰርኩ። ፋይበሩን ያረጋል ወስዶ ሊሸጠው ሲል ከለከልኩት፤ በመሬት ላይ በሚተኛው የወለሉ አርማታ ውስጥ ይግባ አልኩ። እዚያ ነው ቦታው፤ ጭድ ለጭቃ፣ ማገር ለቤት። ከዚያ ወዲህ አንድ ክረምት አልፏል። ዋልካው እንደ ልማዱ አበጠ፣ ደረቀ፤ ቤቱ ላይ አንድ ስንጥቅ የለም። እታለም የጎረቤቷን ማስነጠስ አትሰማም፤ እንዲያውም ናፍቆኛል ትላለች።

እኔም ወደ ማርቆስ ተመልሻለሁ። ወሬው ተገልብጦ አሁን "ያ በተሰበረ ቢም ላይ ስድስት ሰው ያቆመው ፌራዮ" ነኝ። ሥራ ሞልቷል። ያረጋልን መንገድ ላይ ሳገኘው ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም እለዋለሁ፤ እሱም እንደዚያው። ሁለታችንም ቆመን አናወራም።

ይህን ስታነቡ ምናልባት እናንተም በልባችሁ ጠርጋችሁ ያስቀመጣችሁት አንድ ፒንሳ ይኖራችሁ ይሆናል። ጣሉት አልልም፤ እኔ አልጣልኩትም። ግን በደሌን ለሦስት ዓመት ለራሴ ስተርክ አንዲቱን ነገር ሁልጊዜ ከሥር አድርጌ፣ ለስላሳውን ጎን ወደ ላይ አዙሬ ነበር የምተርከው። ከጊዜ ብዛት እኔም አመንኩት። በማርቆስ ስምልም ውሸት አልመሰለኝም ነበር።

ያን ኮለን ያሰርኩት የከተራ ዕለት ነው። ታቦቱ ሲወጣ ልደርስ ቸኩዬ ነበር። በአሥራ አምስት ሳንቲም ልዩነት እሰር የተባልኩትን በዓይን ግምት እያራራቅሁ አሰርኩና ማንም ሳያየው አርማታ ሞላንበት።

አሁን በየኮለኑ ስታፋ ስቆጥር ጮክ ብዬ ነው የምቆጥረው፤ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይስቁብኛል። ለያረጋል እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። ለእናንተ ግን ልመልስ።

ስድስት ነበር።